የወረዳ ሕዝብ ቁጥር ሲሳሳት ከየት ይታረማል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋላችሁ።

ከዚህ ከአራት ኪሎ ተነስቶ በእግሩ ወደ ፒያሳ የሚሄድ ሰው ዶሮ ማነቂያ የሚባለውን ሰፈር አያገኘውም። በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። ካዛንቺስም በ2017 ተከተለ። ልደታ ደግሞ ከሁለቱም ቀድማ መልኳን ቀይራለች። ሰዎቹ አራብሳ፣ ገላን ጉራና ሌሎች ዳር ያሉ ሰፈሮች ገብተዋል። መሐል ከተማ ያሉ ወረዳዎች ለበጀት፣ ለክትባት፣ ለውኃና ለትምህርት ቤት ዕቅድ የሚጠቀሙበት የሕዝብ ቁጥር ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። መሠረቱ በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው ቆጠራ ነው።

ዛሬ የምንነጋገረው ይህን ቁጥር ስለማረም ነው። አንድ ነገር ከመነሻው እናስቀምጥ። «ቁጥራችን አንሷል»፣ «የእነሱ በዝቷል» እየተባባሉ በድምሩ ላይ መሟገት የትም ቁጥር አርሞ አያውቅም። ድምር ውጤት ነው፤ ስህተቱ ያለው ከሥሩ፣ በቤት ቁጥሩ፣ በስሙ፣ በዕድሜው፣ በድንበሩ ላይ ነው። ስህተቱ የትኛው ቤት፣ በየትኛው ምክንያት እንደተፈጠረ ማሳየት ያልቻለ አራሚ አንዱን ግምት በሌላ ግምት ከመተካት አያልፍም።

በእጃችን ያለው ምን እንደሆነ እንይ። ሀገራችን ሦስት የሕዝብና ቤት ቆጠራ አድርጋለች፤ በ1976፣ በ1987 እና በ1999። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 103 ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ እንዲካሄድ ያዛል፤ አራተኛው ግን ተደጋግሞ ተራዝሟል። አዲስ አበባ በ1987 ወደ 2.1 ሚሊዮን፣ በ1999 ደግሞ ወደ 2.74 ሚሊዮን ነዋሪ ተቆጥሮባታል። ከዚያ ወዲህ የምንጠቀመው ትንበያ ነው፤ ለ2009 ዓ.ም. የተሰጠው 3.4 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ትንበያ በባሕርዩ ስህተት አይደለም። ወሊድን፣ ሞትንና ፍልሰትን አስልቶ ለከተማ ደረጃ ደህና ግምት ይሰጣል። ችግሩ ወደ ክፍለ ከተማና ወደ ወረዳ ሲወርድ ነው፤ እዚያ ዋናው መከፋፈያ እያንዳንዱ በ1999 የነበረው ድርሻ ነው። አራዳ ያኔ ወደ 211 ሺህ ሰው ስለነበረባት፣ ቤቷ ሲፈርስም በወረቀት ላይ ማደጓን ትቀጥላለች። ነዋሪዎቿን የተቀበሉት ሰፈሮች ደግሞ ሜዳ በነበሩበት ዘመን በነበራቸው ድርሻ ይያዛሉ።

ከዚህ ጎን ለጎን ወረዳው የራሱ መዝገቦች አሉት። የነዋሪዎች መዝገብ፣ የቤቶች ዝርዝር፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች የቤተሰብ ፎልደር፣ የሸማቾች ማኅበር የዘይትና የስኳር ዝርዝር፣ የሴፍቲኔት ዝርዝር። ሁሉም «የወረዳው ሕዝብ» ይባላሉ፤ አንዳቸውም ግን ሕዝብ ለመቁጠር የተከፈቱ አይደሉም። መዝገብ ሲነበብ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በዚህ ላይ መመዝገብ ምን ያስገኛል? መሰረዝስ ምን ያሳጣል?» የሚለው ነው። ዘይት የሚታደልበት ዝርዝር ሰው አይወጣበትም። መሸኛ የሚጠየቅበት ዝርዝር ደግሞ አዲስ ገቢ አይገባበትም።

ከሰው በፊት ድንበር ይስተካከል። ይህ አሰልቺ ሥራ ስለሆነ ይዘለላል፤ ሲዘለል ግን የኋላው ልፋት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አዲስ አበባ በ1995 ከ28ቱ ወረዳዎች ወጥታ በ10 ክፍለ ከተሞች ተደራጀች። የ1999 ቆጠራ የተደረገው ቀበሌ የታችኛው እርከን በነበረበት ጊዜ ነው። በኋላ ቀበሌዎቹ ተሸጋሽገው ወረዳ ሆኑ፤ በ2013 ለሚ ኩራ ተጨምራ ክፍለ ከተሞቹ 11 ደረሱ። ስለዚህ የዛሬ ወረዳ 05 ቁጥር ከያኔው ቀበሌ 05 ጋር ሲነጻጸር ሁለት የተለያየ መሬት እየተነጻጸረ ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ በ4 ሺህ «ቀነሰ» ተብሎ ስብሰባ ከመጠራቱ በፊት ካርታ ይዘርጋ። በቆጠራው ጊዜ ከተማ ውስጥ አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 የሚደርሱ ቤተሰቦችን ይይዛል፤ ንድፍ ካርታውም ወሰኑን በመንገድ፣ በወንዝ፣ በአጥርና በታወቀ ሱቅ ያሳያል። የቀበናና የባንትይቀጡ ወንዞች አሁንም አሉ። ሱቁና አጥሩ ግን መንገድ ሲሰፋ ጠፍተዋል። ወሰኑ መንገድ ከሆነ «የመንገዱ ግራ» ብቻ ተብሎ አይጻፍ፤ ከየት ወደ የት ሲኬድ ግራ እንደሆነ ይጻፍ። አንድ ረድፍ ቤት ሁለት ጊዜ የሚቆጠረው፣ ወይም ጭራሽ የሚዘለለው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

ቀጥሎ ቤት። የቤት ዝርዝሩን ይዞ እየዞሩ በእያንዳንዱ ቁጥር ላይ ሁኔታውን መሙላት ነው፦ አለ፣ ፈርሷል፣ ሱቅ ወይም ቢሮ ሆኗል፣ ተዘግቷል፣ አልተገኘም። «ተዘግቷል» እና «አልተገኘም» አንድ አይደሉም። የተዘጋ ቤት ጎረቤት ያውቀዋል፤ ያልተገኘ ቁጥር ምናልባት ከመጀመሪያውም አልነበረም። መሐል ከተማ ያለው ሌላው ፈተና «የቤት ቁጥር አዲስ» የሚባለው ነው። ቁጥር ያልተሰጠው ቤት ሁሉ በመታወቂያ ላይ «አዲስ» ተብሎ ይጻፋል፤ በአንድ ወረዳ ውስጥ ብዙ «አዲስ» ይኖራል። ኮምፒዩተር ይህን እንደ አንድ አድራሻ ካነበበው መቶ ሰው በአንድ ቤት ይኖራል፤ እንደ ድግግሞሽ ካነበበው ደግሞ ዘጠና ዘጠኙን ይሰርዛቸዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለእርማቱ ሥራ ብቻ የሚያገለግል ጊዜያዊ መለያ ይሰጥ፤ ለምሳሌ የቅርቡ የታወቀ ቤት ቁጥርና ከእሱ ስንተኛ በር እንደሆነ።

አሁን አንድ ግቢ እንግባ። ምሳሌ ነው፤ ግን ተክለ ሃይማኖት ወይም አብነት አካባቢ የቀበሌ ቤት የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል። በሩ አንድ፣ ቁጥሩ አንድ። በመዝገቡ ላይ ሰባት ሰዎች አሉ፦ አባት፣ እናትና አምስት ልጆች። አባትየው አርፈዋል፤ ማንም አላሰረዛቸውም። አንዷ ልጅ ቤይሩት ናት። ሌላዋ አግብታ አያት ትኖራለች። የቀሩት አራቱ፣ ማለትም እናትና ሦስት ልጆች፣ አሁንም እዚያው ናቸው። ከልጆቹ አንዱ አግብቶ ከኋላ በኮምፔርሳቶ ከልሎ ከሚስቱና ከሕፃን ልጁ ጋር ይኖራል፤ ሚስቱ ከክፍለ ሀገር መሸኛ ስላላመጣች አልተመዘገበችም፣ ሕፃኑም አልተመዘገበም። ቆጡ ላይ ሁለት ወጣቶች ደባል ገብተዋል። የድሮውን ማድ ቤት ተከራይታ እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ ሴት ከልጇ ጋር አለችበት። የቤቱ እናት ዘንድ ደግሞ አንዲት የቤት ሠራተኛ አለች።

እንቁጠር። መዝገቡ 7 ይላል። እዚያ የሚያድረው 11 ነው። «አራት ሰው ጎደለ» ብለን ብንዘጋው ግን ትልቁን ነገር ስተነዋል። ከሰባቱ ሦስቱ የሉም፤ ካሉት አሥራ አንዱ ደግሞ ሰባቱ አልተመዘገቡም። የተጣራው ጉድለት 4 ነው፤ የስህተቱ ብዛት 10 ነው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ የእርማት ሥራ ሁሉ መሠረት ነው። ትርፉና ጉድለቱ ተቻችለው ድምሩ ልክ የሚመስልበት ወረዳ አለ፤ በውስጡ ግን ያሉት ሰዎች ሌሎች ናቸው። ሟቾችና ስደተኞች ተቆጥረው፣ ሕፃናት፣ ተከራዮችና የቤት ሠራተኞች ቀርተው ማለት ነው። እነዚህ ደግሞ ክትባት፣ ትምህርት ቤትና ውኃ የሚያስፈልጋቸው ናቸው።

ይህ ግቢ በቆጠራ ጊዜ የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው፤ በጥያቄውና በሰዓቱ። ቆጣሪው ጠዋት በ4 ሰዓት መጥቶ «ስንት ቤተሰብ ነው?» ካለ፣ «አንድ ነው፣ የእኛ ነው» ይባላል። ደባሎቹ ሥራ ላይ ናቸው። ሠራተኛዋን «ለጊዜው ነው የመጣችው» ይሏታል። ስለዚህ በሩን ትቶ ምድጃውን መቁጠር ይሻላል። አብሮ የሚያበስልና አብሮ የሚበላ አንድ ቤተሰብ ነው። በዚህ መለኪያ ግቢው አራት ቤተሰብ ይወጣዋል፦ እናት፣ ሁለቱ ልጆችና ሠራተኛዋ 4፤ ያገባው ልጅ 3፤ ደባሎቹ 2፤ ባለ እንጀራዋ 2። ሲደመር 11። የመጀመሪያው ጥያቄ «ትናንት ማታ እዚህ ግቢ ማን ማን አደረ?» ይሁን። ቀጥሎ ለእያንዳንዱ «እዚህ መኖር ከጀመረ ስድስት ወር ሞልቶታል? ካልሞላው ለመቆየት አስቦ ነው የመጣው?» ይጠየቅ። የቤት ሠራተኛ፣ ሕፃን፣ ደባል፣ የታመመ አዛውንት በስም በስማቸው ይጠየቁ፤ ሰው ሳይጠየቅ የሚያስታውሳቸው አይደሉም። የኪራይ ጉዳይ ግን በጭራሽ አይነሳ። ተከራይን የሚደብቅ አባወራ ለመዋሸት ብሎ አይደለም፤ የቀበሌ ቤት ማከራየቱ ቤቱን እንዳያሳጣው ፈርቶ ነው። ለቆጠራ የተሰጠ መረጃ ለቤት ማጣሪያ ከዋለ በሚቀጥለው ዙር በሩን የሚከፍት አይኖርም፤ ልክም ነው። ሰዓቱ ደግሞ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ ወይም እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቢሆን ይሻላል።

ዕድሜ ላይ ያለው ስህተት ሌላ መልክ አለው። ሰው ዕድሜውን በ0 እና በ5 ይዘጋል፤ 30፣ 35፣ 40። መጠኑን ለማወቅ ዊፕል የተባለው መለኪያ ይበቃል፣ በግማሽ ቀን ይሠራል። ከ23 እስከ 62 ዓመት ያሉትን ሁሉ ደምሩ። ከእነሱ ውስጥ ዕድሜያቸው በ0 ወይም በ5 የሚያልቀውን ለይታችሁ በ5 አባዙ፣ በድምሩ አካፍሉ፣ በ100 አባዙ። ክምችት ከሌለ 100 ይመጣል። 8,000 ሰዎች ኖረው 2,800ዎቹ በ0 እና በ5 ካለቁ 175 ይሆናል፤ ይህ እጅግ ደካማ መረጃ ነው። እርማቱ የሚደረገው በአምስት ዓመት በተቧደነው ሠንጠረዥ ላይ ነው። የግለሰብ መዝገብ ገብቶ 40 የተባለችን ሴት 41 ማድረግ ማረም አይባልም፣ ፈጠራ ነው።

ከዚህ የባሰው የዘመን አቆጣጠር መደበላለቅ ነው። ፓስፖርት በፈረንጅ፣ የቀበሌ መታወቂያ በእኛ። ጸሐፊው ከፓስፖርት ላይ 1990ን አይቶ እንዳለ ከገለበጠው ሰውየው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ወጣት ይሆናል። በሕፃናት ላይ ሲሆን ስህተቱ ራሱን ያጋልጣል፤ በመዝገቡ ላይ ገና ያልደረስንበት ዓመት የተወለደ ልጅ ይገኛል። የመጀመሪያው ፍተሻ ይህ ይሁን። የወደፊት ልደት ከተገኘ፣ በዚያው ጸሐፊ እጅ በዚያው ወር የገቡት ሁሉ እንደገና ከሰነዳቸው ጋር ይመሳከሩ።

ስንት ሰው እንደጎደለ በቁጥር ለመናገር በዓለም ላይ የተለመደው መንገድ የድኅረ ቆጠራ ጥናት ነው። ከቆጠራው በኋላ በዕጣ የተመረጡ የቆጠራ ቦታዎች በሌላ ሰው እንደገና ይቆጠራሉ፣ ሁለቱ ዝርዝሮች በስም ይመሳከራሉ። ስሌቱ በ1949 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ቻንድራ ሴካርና ዴሚንግ ባቀረቡት መንገድ ነው፦ የመጀመሪያው ቆጠራ በሁለተኛው ተባዝቶ በሁለቱም ላይ ለተገኙት ይካፈላል። በአንድ የቆጠራ ቦታ መጀመሪያ 540 ሰው ተቆጠረ እንበል። ሁለተኛው ቆጣሪ 500 አገኘ። በሁለቱም ዝርዝር ላይ ያሉት 450 ናቸው። 540 በ500 ሲባዛ 270,000፤ ለ450 ሲካፈል 600። ስለዚህ የመጀመሪያው ቆጠራ 60 ሰው፣ ከመቶ አሥሩን፣ ስቷል። ደቡብ አፍሪካ የ2022 ቆጠራዋን በዚህ መንገድ ፈትሻ ከመቶ ሠላሳ አንድ የሚሆነው ሕዝቧ እንዳልተቆጠረ ራሷ አስታውቃለች።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚሰናከለው ማመሳከሩ ላይ ነው። የእኛ ፊደል እዚህ ላይ ይፈትናል። ኃይለማርያም፣ ሀይለ ማርያም፣ ሐይለማሪያም አንድ ሰው ነው። ሥላሴና ስላሴ፣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ዓለምና አለም እንዲሁ። ቤት ውስጥ ማሚቱ የምትባለው በመታወቂያዋ ወርቅነሽ ናት። በዚህ የተነሳ ከ450ዎቹ 50ዎቹ ሳይገናኙ ቢቀሩ አካፋዩ 400 ላይ ይወርድና መልሱ 675 ይሆናል። በፊደል ብቻ 75 ሰው ተፈጠረ ማለት ነው። ስለዚህ ከማመሳከር በፊት ሀ፣ ሐ፣ ኀ ወደ አንድ፣ ሠና ሰ ወደ አንድ፣ አና ዐ ወደ አንድ፣ ጸና ፀ ወደ አንድ ይመለሱ፤ ክፍተት ይነሳ፤ ይህ ግን በማመሳከሪያው ቅጂ ላይ ብቻ ይሁን፣ በዋናው ሰነድ ላይ የሰው ስም አይነካ። ስም ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ስም፣ የአባት ስም፣ ጾታ፣ የዕድሜ ክልልና ምድጃ አምስቱ ተያይተው ሦስቱ ሲገጥሙ ለጎረቤት ማረጋገጫ ይቅረብ፣ አምስቱም ሲገጥሙ ይዘጋ። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ላይ ሥራው ይቀላል፤ ሕፃናትና ደባሎች ግን ብዙ ጊዜ ይዘውት አይገኙም፣ የምንፈልጋቸውም እነሱን ነው።

በተቃራኒው አቅጣጫ የሚሳሳት ሌላ ልማድ አለ። ሁለተኛው ቆጣሪ የመጀመሪያውን ዝርዝር ይዞ ከወጣ፣ ያለውን እያረጋገጠ የጎደለውን ሳያይ ይመለሳል። ዝርዝሮቹ ፍጹም ይገጥማሉ፤ ስህተቱም «ዜሮ» ይሆናል። ዜሮ ሲመጣ መደሰት የለብንም። ሁለተኛው ቆጣሪ ከሌላ ወረዳ ይምጣ፣ የመጀመሪያውን ዝርዝር አይይ፣ ቦታውም በዕጣ ይመረጥ።

ስለ ሟቾች ዕድር ይጠየቅ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ሞት በ30 ቀን፣ ልደት በ90 ቀን እንዲመዘገብ ያዛል፤ ቤተሰብ ግን ለሞት የምስክር ወረቀት የሚመጣው ብዙ ጊዜ የውርስ ወይም የጡረታ ጉዳይ ሲያጋጥም ነው። የዕድር ጸሐፊ ደብተር ላይ ግን ቀኑም ስሙም አለ፤ ገንዘብ የተከፈለበት ነውና። ሁለት ገደቦች አሉት። ተከራይና ወጣት በዕድር እምብዛም አይታይም። ደግሞም ሰው ሰፈሩ ሲፈርስ ቤቱን እንጂ ዕድሩን አይለቅም፤ አራብሳ እየኖረ የፒያሳ ዕድርተኛ የሆነ ብዙ ነው። ስለዚህ ዕድር ማን እንደሞተ ይነግረናል፤ ማን እንደሚኖር ግን አይነግረንም።

የተነሱ ነዋሪዎች ጉዳይ ለብቻው ይታይ። ሰውየው አዲሱ ሰፈር ገብቶ፣ ልጁ በድሮው ትምህርት ቤት እየተማረ፣ መታወቂያውን ሳይመልስ ይቆያል። የድሮው ወረዳ አይሰርዘውም፤ አዲሱ መሸኛ እስኪያመጣ አይመዘግበውም ወይም ለሌላ ጉዳይ ሲመጣ ይመዘግበውና በሁለቱም ይኖራል። ቤቱ ስለፈረሰ ብቻ መሰረዝም ትክክል አይደለም፤ ጥቂት የማይባሉ ሰዎች እዚያው ወረዳ ውስጥ ዘመድ ጋ ተጠግተዋል። «በሽግግር ላይ» የሚል ሦስተኛ ምድብ ይከፈት። ሰው ከዚያ የሚወጣው ተቀባዩ ወረዳ መቀበሉን በቀን ሲያሳውቅ ነው። ሁለቱ ወረዳዎች በየሩብ ዓመቱ ዝርዝር ይለዋወጡ።

ትክክል ያልሆነ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው ጤና ጣቢያ ላይ ነው። የክትባት ሽፋን የሚሰላው የተከተቡ ሕፃናት ለሚጠበቁ ሕፃናት ተካፍለው ነው፤ የሚጠበቁት የሚመጡት ከትንበያው ነው። ሽፋኑ 130 በመቶ ከሆነ ሠላሳ በመቶ ተጨማሪ ሕፃን ከሰማይ አልወረደም፤ ወይ ትንበያው አንሷል ወይ ከሌላ ወረዳ እናቶች እየመጡ ነው። ሰፈሩ የፈረሰበት ጤና ጣቢያ ደግሞ 50 በመቶ ያሳያል፤ ሠራተኞቹም ያልሠሩትን ጥፋት ይወቀሱበታል። መለያው ቀላል ነው፦ በክትባት መዝገቡ ላይ የእናቲቱ አድራሻ ተለይቶ ይቆጠር። በወረዳው የሚኖሩት ብቻቸውን ከ100 በመቶ በላይ ከሆኑ ትንበያው ነው የተሳሳተው።

ከሌላው ዓለም ሁለት ነገር እንጥቀስ። የለንደን መሐል የሆነው ዌስትሚንስተር በ2001 ቆጠራ 181 ሺህ ገደማ ሰው ሲባል ምክር ቤቱ አልተቀበለም። የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤቱ አድራሻ ከአድራሻ አመሳክሮ የዓመቱን የሕዝብ ግምት ከፍ አደረገ፤ የታተመውን የቆጠራ ውጤት ግን አልነካውም። ናይጄሪያ ውስጥ ደግሞ በ2006 ቆጠራ ለሌጎስ ግዛት ወደ 9 ሚሊዮን ሲሰጥ፣ ግዛቱ በራሱ ቆጥሮ 17.5 ሚሊዮን አለ። ሁለት ድምሮች ፊት ለፊት ቆሙ፤ ክርክሩም ዓመታት ፈጀ። የመጀመሪያው መንገድ እኛን ይጠቅመናል።

በእኛም ሀገር የ1999 ውጤት በ2001 ለተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ የአማራ ክልል ቁጥር ከተጠበቀው በታች በመሆኑ ብርቱ ጥያቄ ተነስቷል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በክብር ሊመለስ የሚችለው ከመነሻው የቤት ዝርዝሩና የድኅረ ቆጠራ ጥናቱ ተዘጋጅቶ ሲቀመጥ ነው፤ ከዓመታት በኋላ የሄደን ሰው መልሶ መቁጠር አይቻልም።

ወረዳ የቆጠራን ውጤት መለወጥ አይችልም፣ ሊሞክርም አይገባም። የራሱን የነዋሪዎች መዝገብና የቤት ዝርዝር ግን ማረም ይችላል፣ ግዴታውም ነው። የትንበያው መሠረት እንዲከለስ ደግሞ ለኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ማስረጃ መላክ ይችላል። «ቁጥራችን ይሻሻልልን» የሚል አንድ ገጽ ደብዳቤ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። የሚላከው ሠንጠረዥ በእያንዳንዱ የቆጠራ ቦታ አንድ መስመር ይኑረው፦ የድሮው ቁጥር፣ በስህተት የተካተቱ፣ የተዘለሉ፣ በሽግግር ላይ ያሉ፣ የታረመው ቁጥር፣ እንዲሁም የተቆጠረበት ቀን። በስህተት የተካተቱትና የተዘለሉት በምንም ምክንያት ተቻችለው በአንድ ዓምድ አይግቡ። የተዘለሉት ዓምድ ብቻ ተሞልቶ የተካተቱት ባዶ ከሆነ ሥራው አላለቀም፤ ለበጀት ሲባል ወደ አንድ ወገን ብቻ የታረመ ነው፣ ተቀባዩም ያውቀዋል። ከሠንጠረዡ ጋር ካርታውና የቤቶቹ ሁኔታ ዝርዝር ይያያዙ፤ የሰዎች ስም ግን አይላክ፣ በወረዳው በተቆለፈ ሣጥን ይቆይ። የድሮው መዝገብም አይፋቅ፤ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮ፣ ምክንያቱ፣ ቀኑና ያረመው ሠራተኛ ፊርማ ከጎኑ ይቀመጥ።